ደህና ነኝ ያልኩበት ክረምት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አሰላ

ዛሬ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። ነጭ ጋዋናቸውን አስወልቄ፣ ስልካቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ሰብስቤ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎቼን በሙሉ የሳጉሬ ሚኒባስ የሚጫንበት ቦታ አቆምኳቸው። «አንድ አንድ ሰው ምረጡ። አታናግሩት። በቃ እስክላችሁ ድረስ እዩት» አልኳቸው። ዝናቡ ልምጣ አልምጣ ይላል፣ ረዳቶቹ «ሳጉሬ! ሳጉሬ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮሃሉ፣ የኔዎቹ እንደ ተቀጣ ሰው ግድግዳ ታከው ቆመዋል። አንዱ ረዳት መጥቶ «እናቴ፣ እነዚህ ሁሉ ተሳፋሪ ናቸው?» አለኝ። «ሐኪሞች ናቸው» አልኩት። ቀና ብሎ አያቸውና «ታዲያ ምን ያፈጡብናል? ታመናል እንዴ?» አለ። እኔም ሳቅኩ፣ እነሱም ሳቁ።

ክፍል ተመልሰን ያዩትን አስነገርኳቸው። ኢርሻድ ተነሳ፤ ይህ ልጅ አንደበቱ ማር ነው። ስለ አንድ ከረጢት የያዙ ሽማግሌ እንዲህ አድርጎ ተረከው፦ ከረጢቱን መሬት ማስቀመጥ ሲችሉ ለምን እንዳቀፉት፣ ማንን እንደሚጠብቁ፣ በየስንቱ ወደ በሩ እንደሚያዩ። ክፍሉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ደግሞ ደረቴ ተነፋ። ቀጥሎ ፈይሩዛ የምትባለው፣ የአርሲ ሮቤዋ ልጅ፣ ተነስታ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንዲት እናት ነበሩ። ግራ ጫማቸውን አውልቀው ነበር» አለችና ቁጭ አለች። «ከዚያስ?» አልኳት። «በቃ ቲቸር።» «ልጄ፣ ሐኪም የሚናገረው ሕመምተኛው እንዲሰማው ነው እኮ፤ ለራስሽ ብቻ አይደለም» አልኳት። ተሳቀባት።

ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬ፣ የትያትር ክበብ አቋቁሜ፣ ስንት ልጅ መድረክ አውጥቼ፣ በጡረታዬ ሐኪም አስተምራለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ኮሌጁ ሲጠራኝ ጎረቤቶቼ «ሸዋዬ ለሐኪም ምን ልታስተምር?» አሉ። ሰው ማየት ነዋ! ሰው ማዳመጥ ነዋ! ይህን ለእነሱ አልመለስኩላቸውም፤ እዚህ ልጻፈው።

መስኮቱን ሁሉ አስከፈትኩ። ልጆቹ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ይንዘፈዘፋሉ። የዛሬ ልጅ ብርድ አይችልም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዶክተር ወንድምአገኝ ቢሮው አስጠራኝ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። በክበባችን ትያትር ዳኛ ሆኖ ተጫውቶ ነበር፤ ዛሬ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኖም ድምፁ ያው የዳኛው ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎን እጅግ አከብራለሁ» ብሎ ሲጀምር ክፉ ነገር እንደሚከተል አወቅኩ። «ግን እኔ የማሰለጥነው ሐኪም ነው፣ ተዋናይ አይደለም። ሰዓቱን ለሌላ ኮርስ እፈልገዋለሁ። ልጆቹ ልብና ኩላሊት ሳያውቁ መናኸሪያ ቆመው ሰው ሲያዩ ዋሉ እየተባለ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

በመጨረሻ ተስማማን። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ልጆቹ ሕመምተኛ ሆኖ በሚጫወት ሰው ይፈተናሉ፤ ፈታኙም ከውጭ፣ ከአዳማ ይመጣል። ውጤቱ ካማረ ኮርሱ ይቀጥላል። ካላማረ ከመስከረም ጀምሮ የለም። «ያምራል» አልኩት። «ካላማረስ?» «ያኔ ቁልፉን ራሴ አስረክብሃለሁ፤ ዳኛው!» አልኩት። ፈገግ አለ፣ ግን ቃሉን አልቀየረም።

ደረጃውን ስወጣ ልቤ ድው ድው እያለ መሐል ላይ አስቆመኝ። ንዴት ነው። ይህ ልጅ ድሮም ያናድደኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ራቢያ ዛሬ ሱቋን ዘግታ መጣችልኝ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ አብረን መድረክ የወጣን ናት፤ ሲያሻት በአማርኛ ሲያሻት በኦሮምኛ ሕመምተኛ ሆና ትጫወትልኛለች። ዛሬ ሆዷን የሚያማት ሴት ነበረች። ኢርሻድ ሐኪም ሆኖ ገባ።

«እንዴት ነዎት እናቴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ልጆችስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ኢርሻድ ወደኛ ዞር ብሎ «ሕመምተኛዋ ለጊዜው የሚሰማቸው ነገር የለም» አለ! ራቢያ ትወናውን ጣል አድርጋ ብድግ አለች። «ወላሂ፣ ደህና ብሆን ሱቄን ዘግቼ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢርሻድ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ ነገርኳቸው። እዚህ አገር ሰው «ደህና ነኝ» ሲል ፈጣሪውን ማመስገኑ ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው እንኳ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ምስጋና ሳያደርስ ሕመሙን ቢናገር ነውር ነው። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ከሳጉሬ የመጣውም፣ ከአርቦዬ የመጣውም ያው ነው። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ እስክሪብቶ አታንሱ። ዝም በሉ። ጠብቁት። ሁለተኛው ቃል ነው የሕመምተኛው ቃል። ዝም ማለት ደግሞ ከመናገር ይከብዳል፤ በዚህ ክፍል የሚፈተኑት በእሱ ነው አልኳቸው። ሁሉም ጻፉ። ፈይሩዛ አልጻፈችም፤ እኔን ታያለች።

ስንወጣ ራቢያ ወገቤን ያዝ አድርጋ «አንቺ፣ ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። «ቀጠንሽ በይ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ከዓመታት በፊት የተውኩት ቀሚስ ገባልኝ፣ ያውም እየበላሁ! የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ ብቻ አንገቴ ላይ አልገጥም አለ። ልብስ ሰፊው አጥብቦታል። ግድ የለም፣ እኔ እንደሆንኩ ሻርፕ ሳልጠመጥም ወጥቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ሁለት ክፍል በተከታታይ። ዝናብ። ማርከሩ ርካሽ፣ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጽሑፌን ማንበብ አልቻልንም አሉ። የኔን ጽሑፍ! ምሳ ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ። ወንድምአገኝ በመስኮት ቆሞ አይቶን ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ልጆቹን በሕመምተኛ አፍ አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። «እኔ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ሕመምተኛው እናንተ ናችሁ አልኳቸው። ዛሬ ሳርም ዋልኩ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በሳይንስ ብቻ ያደጉ ልጆች፣ ግጥም አንብበው የማያውቁ፣ እንዲህ ይጽፋሉ? አንዱ ስለ ዓይነ ስውር ገበሬ ጻፈ፤ ገብሱ መድረሱን በእጁ ሲዳስስ። ባሌ ቢኖር አነብለት ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ብቻዬን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

የፈይሩዛ ግማሽ ገጽ ነው። አንዲት ሴት ከገጠር ተነስታ አንድ ክሊኒክ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ወረፋ ትጠብቃለች። «እንዴት ነሽ?» ይሏታል። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። «እሺ፣ ሂጂ» ይሏታል። ትሄዳለች። መጨረሻው ላይ «አክስቴ ነበረች» ብላለች። በቃ። ሌላ ቃል የለም። «ጥሩ ነው፣ ግን አጭር ነው» ብዬ ከአሥር አምስት ሰጠኋት። አሁን ሳስበው ስድስት ይገባት ነበር። በዚህች ልጅ ላይ ለምን እንደምጨክን አላውቅም። ፊት ለፊት ስለምታየኝ ይሆናል።

እንቅልፍ የለም። ክረምት መሆኑ ነው እንጂ ውጭ ወጥቼ በተኛሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እንግዲህ ከሳሽ የሚለኝን ሁሉ «ጾም ነው» እለዋለሁ።

ኮሪደር ላይ ከኋላዬ ሁለት ተማሪ፦ «ዛሬ እንዴት ናቸው?» «ኧረ እሳት! በሰላም ውለን እንውጣ።» እንዳልሰማ አለፍኩ። እሳትማ እሳት ነኝ። በእሳት ነው ሰው የሚበስለው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ አበላሸሁ።

ልምምድ ላይ ፈይሩዛ ከራቢያ ፊት ተቀመጠች። «እንዴት ነዎት?» አለች። ራቢያ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ፈይሩዛ ዝም። ደግ ነው፣ ዝም በሉ ብያለሁ። ግን ዝም፣ ዝም፣ አሁንም ዝም። ደሜ ፈላና ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። «ተናገሪ እንጂ! ሕመምተኛሽ ሞተችብሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ራቢያ እንኳ ደነገጠች። ፈይሩዛ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ያለ ምክንያት፣ እንደ ሕፃን። በዕድሜዬ ተማሪ ፊት ጮሄ የማላውቅ ሴት! በድምፅ ቃና ብቻ ክፍል የምገዛ!

ከትምህርት በኋላ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ቲቸር፣ ሌሊት ይተኛሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«እንዲሁ ነው ቲቸር።»

ዓይኗ አንገቴ ላይ ነበር። ሻርፔን ወዳዋለች መሰለኝ፤ ልጄ ራሄል ናት ከአዳማ ያመጣችልኝ። «ለፈተናሽ ተጨነቂ» ብያት ሄድኩ። ይቅርታውንም ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ልጄ ራሄል መጣች። በሩን ስከፍትላት ገና ሳትስመኝ «እማዬ፣ ዓይንሽ ምነው እንዲህ ፈጠጠ?» አለችኝ። «አንቺን በማየት ነዋ!» አልኳት። ምሳ ላይ ሁለቴ ጨምሬ ስበላ የራሷን ትታ አየችኝ። ጋቢውን ስታለብሰኝ እኔ ስገፋ፣ ስታለብሰኝ እኔ ስገፋ ዋልን።

«ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለች።

«እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሐኪም ጋር ነው! አንድ ነገር ብሆን ያ ሁሉ ዶክተር አያየኝም?»

ጋቢውን አጣጥፋ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ በክርክር ተረትቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ነገ ፈተና። ራቢያ አርቦዬ ዘመድ ሞቶባት ሄደች። መቅረት አትችልም፣ አልተቀየምኳትም። ሌላ ተዋናይ በአንድ ቀን አይሰለጥንም። ስለዚህ እኔው እጫወታለሁ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ፣ የማውቀው እኔ። ወይዘሮ አበባ፦ ራስ ምታት አለኝ ብለው የመጡ፣ በውስጣቸው ግን ልጃቸውን ቀብረው ለማንም ያላወሩ እናት። የጠበቃቸው ይሰማቸዋል። ያልጠበቃቸው የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቶ ይሸኛቸዋል።

ከስንት ዓመት በኋላ መድረክ! ልቤ ካሁኑ ይመታል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፍ።

ፈታኙ ዶክተር ጉደታ ይባላሉ፤ ከአዳማ የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ጥግ ላይ ተቀመጡ። ወንድምአገኝ አጠገባቸው። ተማሪ በደወል ይገባል፣ በደወል ይወጣል። እኔ ወይዘሮ አበባ ሆኜ ወንበር ላይ።

ምን ልበል? ኮራሁ። ኢርሻድ ገብቶ «እንዴት ነዎት እናቴ?» ብሎኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስለው ዝም አለ። ያ ለፍላፊ! እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ፤ ራስ ምታቴን ነገርኩት፣ አሁንም ጠበቀኝ፤ ልጄን ነገርኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከእሱ በኋላም አንድ በአንድ ገቡ፣ አንድ በአንድ ጠበቁ። ዶክተር ጉደታ ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዩን ነበር። ወንድምአገኝን በዓይኔ ጠርዝ አየሁት፤ የዳኛ ፊቱ ላልቷል።

መጨረሻ ላይ ፈይሩዛ ገባች።

«እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጠበቀችኝ። ራስ ምታቴን ተናገርኩ። ጠበቀችኝ። ልጄን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀስ ብላ «እጅዎን ወደፊት ይዘርጉልኝ፣ ጣትዎን ከፈት አድርገው» አለችኝ። ጽሑፌ ውስጥ የለም! ግን ሕመምተኛ የታዘዘውን ያደርጋል፤ ዘረጋሁ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት አንስታ ጣቶቼ ላይ አኖረችው። ወረቀቱ ነፋስ እንዳገኘው ሁሉ ተርገፈገፈ። መስኮቱ ዝግ ነበር። ሁላችንም ወረቀቱን አየን። ከዚያ የደም ሥሬን ያዘችና ሰዓቷን አየች። ውኃ ቀዳችልኝ። «ሻርፕዎን ፈተው ይህችን ውኃ ይዋጡልኝ፣ አንገትዎን ልይ» አለች። አልፈታሁም። «ብርድ ይመታኛል» አልኳት፤ በዚያ ሁሉ ሙቀቴ! «እሺ» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሞቅዎት?» ደወሉ ተደወለ። ልጄን ሳትጠይቀኝ ወጣች።

ዶክተር ጉደታ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። «ድንቅ ነው የተጫወቱት! እንዲያው ያ የእጅ መንቀጥቀጥ እንኳ! ትወና ነው አይደል?»

ሁለቱም አፌን ያያሉ።

«ትወና ነው» አልኩ።

«አሳስተዋታል ማለት ነው» አሉ ሳቅ ብለው። «ልጅቷ የሌለ በሽታ ስትፈልግ የተሰጣትን ጉዳይ ጣለችው።»

ወንድምአገኝ «ይህችኛዋ አላለፈችም» ብሎ ጻፈ። እኔም ዝም አልኩ። ይኸውና ዝምታን ያስተማርኩ ሴት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ውጤት ተለጠፈ። ከአንዷ በስተቀር ሁሉም አልፈዋል። ፈይሩዛ ዓመቱን ትደግማለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ዋርድ አትገባም። ውጤቱ የሚጸድቀው በጳጉሜን ስብሰባ ነው።

ወንድምአገኝ እጅ ነሳኝ። «ቲቸር፣ ረትተውኛል። ኮርሱ ይቀጥላል» አለ። ይህን ቃል ክረምቱን ሙሉ ስመኘው አልነበር? ደስ አላለኝም። አመሰግናለሁ ብዬ ወደ ቤቴ።

እውነቱን ብናገር ምን ይባላል? ሕመምተኛ ሆና የተቀመጠችው በእውነት በሽተኛ ነበረች ይባላል። ፈተናው እንዳለ ይሰረዛል፣ የኢርሻድም፣ የሁሉም። ኮርሱም አብሮ። አንዷን ላድን ብዬ ሁሉን ላጥፋ? እንዲህ እያልኩ ለራሴ እከራከራለሁ። ደግሞስ በሽተኛ መሆኔን ማን አወቀ? ጾሙ ነው የጎዳኝ። ድካም ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ፈይሩዛ። በዝናብ በስብሳለች። አስገባኋት፤ ሻይ አፈላሁላት። ስለ ውጤቷ የምትለምነኝ መስሎኝ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዓመት መድገም ነውር አይደለም የሚል።

«ስለ ውጤቱ አልመጣሁም ቲቸር» አለች። «ለምርመራ ደም ሰጡ ወይ ልልዎት ነው።»

«ምን ደም?»

«እንቅርት ይመስለኛል። ሆርሞኑን የሚያበዛው ዓይነት። እጅዎ፣ ልብዎ፣ ሙቀቱ፣ እንቅልፉ፣ ክሳቱ። መቆጣትዎም ከእሱ ነው እንጂ…» አቋረጠችው። «ከሐምሌ ጀምሮ እያየሁዎት ነበር። ልነግርዎ ስል ይቆጣሉ። በፈተናው ቀን ግን ሐኪምዎ ነበርኩ፤ መጠየቅ ተፈቅዶልኝ ነበር።»

«ልጁንስ ለምን አልጠየቅሽኝም? ጉዳዩ እሱ እንደነበር አልገባሽም?»

«ገብቶኝ ነበር» አለች። «ግን እሱ ጽሑፍ ነው።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ያኔ መናኸሪያ ላይ ስላየቻት ሴትስ ከዚያ ወዲህ ጠይቄያት አውቃለሁ እንዴ? አልጠየቅኳትም። ጫማዋን ያወለቀችው እግሯ አብጦ ይሆናል። ልጅቷ ነግራን ነበር፤ እኔ የድምጿን ማነስ ብቻ ነው የሰማሁት።

መስታወት ፊት ሻርፔን ፈታሁ። አየሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ደም ሰጠሁ። ወረፋ ያዝኩ እንደ ማንም። «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለችኝ ነርሷ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። አፌ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ነርሷ ግራ ገባት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ልክ ናት። የሚታከም ነው አሉኝ፣ ኪኒን ጀምሬያለሁ። ችላ ብዬ ብቆይ ልቤን ይጎዳው ነበር አሉ።

ራቢያ ከአርቦዬ ተመልሳ ሰማች። ደረቷን ደቃች። «ወላሂ ያቺ ልጅ! እኔ አብሬሽ ከርሜ ቀሚስ ጠበበሽ ሰፋሽ ስል!» ከዚያ «ለኮሌጁ ትነግሪያለሽ?» አለችኝ። «ኮርሱን ያጠፉታል» አልኳት። «ያጥፉት! ኮርሱ እኮ እሷ ናት» አለች። ራቢያን እወዳታለሁ፤ አፏ ግን አይምርም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ነገርኳቸው።

ስብሰባው በዶክተሮች ተሞልቶ ነበር። ዶክተር ጉደታም መጥተዋል። ወንድምአገኝ ውጤቱን አንብቦ «ተቃውሞ ከሌለ እናጽድቅ» ሲል እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ይቀጥሉ» አለ፤ የምስጋና ንግግር መስሎት።

ወደ ፊት ሄድኩ። ሻርፔን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እጄን ዘረጋሁ። «ወንድምአገኝ፣ ከፊትህ ካለው አንድ ወረቀት አምጣና ጣቴ ላይ አኑር» አልኩት። አየኝ። እንደ ዘጠነኛ ክፍሉ ጊዜ ታዘዘ፣ ተነስቶ አኖረው። ወረቀቱ ተርገፈገፈ፣ ተንሸራቶ ወለል ላይ ወደቀ።  መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ አግኝቼ አላውቅም፤ ይህንንም አልክድም።

«ይህ ትወና አይደለም» አልኩ። «ያን ቀንም አልነበረም። ስጠየቅ ትወና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። አድናቆቱ ጣፍጦኝ ዋሸሁ፣ ከዚያ ኮርሴን ፈርቼ ዝም አልኩ። ደሜ ተመርምሯል፤ ልጅቷ ልክ ናት። ክረምቱን ሙሉ በዚህ ኮሪደር ተመላልሻለሁ። ስንት ሐኪም ሰላም ብሎኛል፣ ሁላችሁንም ደህና ነኝ ብያለሁ፣ ሁላችሁም አልፋችኋል። ልጄ ራሄል እንኳ አንዳች ነገር ብትጠረጥር በክርክር ረታኋት። የጠበቀችኝ አንዷ ናት። እሷን ጥላችሁ ሌላውን ብታሳልፉ ፈተናው ፈተና አይደለም። ኮርሱን መዝጋት ከፈለጋችሁም ዝጉት። እኔ ግን ሥራዬን ሠርቻለሁ፣ ማስረጃዬም አንገቴ ላይ ነው።»

ዶክተር ጉደታ ተነስተው መጡ። ፈቃዴን ጠይቀው አንገቴን ዳሰሱ፣ የደም ሥሬን ያዙ። ፊታቸው ቀላ። «እኔም ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ተሰብሳቢው ዞረው «ሌሎቹ ወይዘሮ አበባን በሚገባ አዳምጠዋል፤ ማርካቸው ይጽና። ይህች ልጅ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት መርምራለች። ከጽሑፉ የወጣችው እሷ አይደለችም፣ የሕመምተኛዋ ገላ ነው። እኔ የፈታኝነት ፊርማዬን ለእሷ ሙሉ ማርክ ላይ አኖራለሁ» አሉ።

ወንድምአገኝ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ወረቀት አነሳ። እያጣጠፈው ቆየ።

«ቲቸር፣ እኔ እርስዎን በየቀኑ ነው የማይዎት» አለ። የዳኛው ድምፅ አልነበረም።

«ሰላም ትለኝ ነበር» አልኩት።

ከዚያ ተቀመጠና ረዘም ላለ ጊዜ ተከራከሩ፤ አንዳንዱ ደንብ አነሳ፣ አንዳንዱ ሳቀ። መጨረሻው ግን ይህ ነው፦ ፈይሩዛ አልፋለች። ኮርሱ ይቀጥላል፣ ፈተናው ላይ ግን ተዋናዮቹ ቀድመው ጤናቸው እንዲታይ ደንብ ወጣ! ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚህም እኮራለሁ። ወንድምአገኝ ሲወጣ በጆሮዬ «መናኸሪያ ሲወስዷቸው ለእኔም ይንገሩኝ» አለኝ።

ሻርፔን ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንኳን አደረሰኝ። ራሄልም፣ ራቢያም እዚህ ናቸው። ራቢያ አዲስ ጨርቅ አምጥታለች፤ «ስትወፍሪ የሚሰፋ» አለችኝ። ዛሬ ትንሽ በረደኝ። ጋቢ ለበስኩ። ራሄል አይታኝ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ዛሬ የክትትል ቀጠሮዬ ነበር። ልጆቹ ዋርድና ተመላላሽ ክፍል ተመድበዋል፤ ኮሪደሩ በኔ ልጆች ተሞልቷል። ኢርሻድ አንድ ገበሬ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አየሁት። ሰላም ሳልለው አለፍኩ፣ እንዳላቋርጠው።

ስገባ ወንበሩ ላይ ፈይሩዛ ናት። የሚከታተሉኝ ሐኪም አጠገቧ ቆመው ያዩዋታል፣ ጠያቂዋ ግን እሷ ናት። ጋዋኗ ይሰፋታል። በክረምቱ ያልጠየቅኳትን ይቅርታ እዚያው በሩ ላይ ጠየቅኳት። «ቁጭ ይበሉ እናቴ» አለችኝ፤ ቲቸር አላለችኝም። ድምጿ ያው ዝቅ ያለ ነው። ሁሉም ይሰማል።

«እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። «ደህና ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አላነሳችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ውጭ ወረፋ አለ፣ ሐኪሟ ሰዓታቸውን አዩ፣ እሷ ጠበቀችኝ።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ሕመሜን ከእንቅልፌ ጀምሬ ነገርኳት።